በፖይንሴት ካውንቲ የሚከፈል የሰብል ድጎማ

ፖይንሴት ካውንቲ በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ የእርሻ አካባቢ ነው። ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር ክፍል ሲሆን ከኢትዮጵያ ወረዳ ጋር ሊነጻጸር ይችላል። የፖይንሴት ገበሬዎች በዋናነት ሩዝ፣ አኩሪ አተርና ጥጥ ያመርታሉ። ከ1933 ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት ለእነዚህና ለሌሎች ሰብሎች በተለያየ ስምና ስሌት ገንዘብ ሲከፍል ቆይቷል። የክፍያው ዓላማ የገበሬውን ገቢ ከዋጋ መውደቅ መጠበቅ ነው። ገንዘቡ ለባለመሬቱ ወይስ ለሚያርሰው ይድረስ የሚለው ጥያቄ ግን ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንስቶ አከራካሪ ነው። በ1934 በዚሁ ካውንቲ ታይሮንዛ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የጭሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በዚሁ ጥያቄ ምክንያት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ካውንቲው

ፖይንሴት በ1838 የተቋቋመ ሲሆን ስሙን ያገኘው ከፖለቲከኛውና ዲፕሎማቱ ጆኤል ፖይንሴት ነው። በፈረንጆች ገና ሰሞን የሚሸጠው ቀይ አበባም በእንግሊዝኛ የሚጠራው በእኚሁ ሰው ስም ነው። የካውንቲው መቀመጫ ሃሪስበርግ ናት። በ2020 ቆጠራ የካውንቲው ነዋሪ ወደ 23,000 ይጠጋ ነበር፤ በ1950 ግን ከ39,000 በላይ ሰው ይኖርበት ነበር። ይህ መቀነስ ከዚህ በታች ከሚነገረው ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

የክራውሊ ተረተር የተባለ ረጅምና ጠባብ ኮረብታ ካውንቲውን ከሰሜን ወደ ደቡብ ለሁለት ይከፍለዋል። ከተረተሩ በስተምዕራብ ያለው መሬት ውኃ የሚይዝ ጭቃማ አፈር ስላለው ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ሩዝ ይመረትበታል። በስተምሥራቅ በኩል፣ በሴንት ፍራንሲስ ወንዝ ዙሪያ ያለው ደለል መሬት ደግሞ ደኑ ተመንጥሮና ረግረጉ ተጠንፍፎ የጥጥ አገር ሆነ። ዛሬ አርካንሳስ ከአሜሪካ የሩዝ ምርት ግማሽ ያህሉን የምታመርት ሲሆን ፖይንሴት በግዛቲቱ ብዙ ሩዝ ከሚያመርቱት ካውንቲዎች አንዱ ነው።

የ1933 ሕግና የጥጥ ውል

ከ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት በኋላ የጥጥ ዋጋ በፓውንድ ከ17 ሳንቲም ገደማ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 6 ሳንቲም ገደማ ወረደ። ገበሬው ዕዳውን ለመክፈል አብዝቶ ሲዘራ፣ ምርቱ በዝቶ ዋጋው ይበልጥ ይወርድ ነበር። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሜይ 12 ቀን 1933 የፈረሙት የግብርና ማስተካከያ ሕግ ይህን አዙሪት ለመስበር የታሰበ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ገበሬው ከመሬቱ የተወሰነውን ሳይዘራ ይተው፤ መንግሥት ለተወው መሬት ይክፈለው፤ ምርቱ ሲቀንስ ዋጋው ይነሣል። ለክፍያው የሚሆነው ገንዘብ ጥጥና እህል በሚያቀነባብሩ ድርጅቶች ላይ ከተጣለ ግብር ይሰበሰብ ነበር።

ሕጉ ሲወጣ የዓመቱ ጥጥ ተዘርቶ በቅሎ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው በጋ ገበሬዎች 10 ሚሊዮን ኤከር ያህል የበቀለ ጥጥ እንዲያርሱት ተከፈላቸው። (አንድ ኤከር 0.4 ሄክታር ያህል ነው።) ቡቃያ እንዳይረግጡ የሠለጠኑት በቅሎዎች በጥጡ ላይ አንሄድም ብለው ባለቤቶቻቸውን አስቸገሩ ይባላል። በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች በተራቡበትና ልብስ ባጡበት ዘመን ሰብል ማጥፋቱ ብዙ ሰው አስቆጣ። ዋጋው ግን ተነሣ። በ1934 ጥጥ በፓውንድ 12 ሳንቲም ገደማ ይሸጥ ነበር።

ችግሩ የነበረው በውሉ ውስጥ ነው። በደቡብ አሜሪካ ጥጡን የሚያለማው አብዛኛው ሰው የራሱ መሬት አልነበረውም። ከፊሉ በኪራይ የሚያርስ ጭሰኛ፣ ከፊሉ ደግሞ መሬቱን፣ በቅሎውንና ዘሩን ከባለመሬቱ ወስዶ ምርቱን የሚካፈል እኩል አራሽ ነበር። ነጮችም ጥቁሮችም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነበሩ። እኩል አራሹ የዓመት ቀለቡንና ልብሱን ከባለርስቱ መደብር በዱቤ ስለሚወስድ፣ በአዝመራ ማብቂያ ሒሳቡ ሲተሳሰብ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይቀር ወይም ዕዳ ይተርፈው ነበር። የሒሳቡ መዝገብ በባለርስቱ እጅ ነውና ለመከራከርም አይመችም።

መንግሥት ውሉን የተዋዋለው ከባለመሬቱ ጋር ነው። በ1934 እና 1935 የጥጥ ውል መሠረት ሳይዘራ ለተተወው መሬት በፓውንድ በድምሩ 4 ሳንቲም ተኩል ይከፈል ነበር። ከዚህ ውስጥ 3 ሳንቲም ተኩሉ የመሬት ኪራይ ተብሎ ለባለመሬቱ ይሰጣል። የቀረው አንድ ሳንቲም ምርቱ በሚከፈልበት ልክ ስለሚካፈል እኩል አራሹ የሚደርሰው ግማሽ ሳንቲም ብቻ ነበር። በሌላ አነጋገር ከዘጠኝ እጅ ስምንቱ የባለመሬቱ ነበር። ያም ግማሽ ሳንቲም ቢሆን በባለመሬቱ እጅ ስለሚያልፍ ወደ ዕዳ የሚዞርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚህ የከፋው ሌላ ነገር ነበር። ባለርስቱ የሚያሳርሰውን መሬት በአንድ ሦስተኛ ሲቀንስ የአራሹም ብዛት ይቀንስለታል። እኩል አራሹን አስወጥቶ በቀን ሠራተኛ ቢያሠራ ደግሞ ያችን ግማሽ ሳንቲምም ማካፈል አይኖርበትም። ውሉ በሰባተኛው አንቀጹ ባለርስቱ በተቻለ መጠን የጭሰኞቹን ቁጥር እንዳይቀንስ ይጠይቃል። «በተቻለ መጠን» የሚለው ግን ለተርጓሚው ሰፊ በር የከፈተ አነጋገር ነበር።

ታይሮንዛ፣ 1934

በ1934 መጀመሪያ ሂራም ኖርክሮስ የተባለ ባለርስት በታይሮንዛ አቅራቢያ ካለው እርሻው 23 ቤተሰቦችን አስወጣ። በከተማዋ ጎን ለጎን ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሶሻሊስቶች፣ የልብስ ንጽሕና ቤት የነበረው ኤች. ኤል. ሚቼልና የነዳጅ ማደያ የነበረው ክሌይ ኢስት፣ ነገሩን ተከታተሉት። በጁላይ ወር አሥራ አንድ ነጮችና ሰባት ጥቁሮች በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተሰብስበው የደቡብ ጭሰኛ ገበሬዎች ማኅበርን መሠረቱ።

በዚያ ስብሰባ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ ነጮችና ጥቁሮች በአንድ ማኅበር ይሁኑ ወይስ ለየብቻ ይደራጁ የሚል ነበር። በኢሌን፣ በዚያው አርካንሳስ፣ በ1919 የጥቁር ጭሰኞች ማኅበር በደም መበተኑን የሚያስታውሱ ሰዎች ነበሩና ጥያቄው ከባድ ነበር። አንድ ሆነው እንዲቆሙ ወሰኑ። ዘር ለይቶ መኖር ሕግ በሆነበት አገር ይህ ውሳኔ ራሱ እንደ ወንጀል የሚታይ ነበር።

ማኅበሩ ኖርክሮስን በአርካንሳስ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ አልተሳካለትም። ዳኞቹ ውሉ የተፈረመው በባለመሬቱና በመንግሥት መካከል ስለሆነ ጭሰኛው በዚያ ውል መክሰስ አይችልም የሚለውን ክርክር ተቀበሉ። በጃንዩወሪ 1935 ዋርድ ሮጀርስ የተባለ ወጣት ሰባኪ በካውንቲው ውስጥ ባለችው ማርክድ ትሪ ከተማ ንግግር ካደረገ በኋላ ታሰረ። ስብሰባዎች በጠመንጃ ተበተኑ፣ የአባላት ቤቶች ተተኮሰባቸው። ማኅበሩም ጽሕፈት ቤቱን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሜምፊስ አዛወረ።

ጉዳዩ ዋሽንግተንም ደረሰ። የግብርና ማስተካከያው መሥሪያ ቤት የሕግ ኃላፊ ጄሮም ፍራንክና የሥራ ባልደረቦቹ ሰባተኛው አንቀጽ ባለርስቱ ያንኑ ቁጥር ብቻ ሳይሆን እነዚያኑ ሰዎች በመሬቱ ላይ እንዲያቆይ ያስገድዳል ብለው ተረጎሙት። የመሥሪያ ቤቱ አስተዳዳሪ ቼስተር ዴቪስ አልተቀበሏቸውም። የደቡብ የምክር ቤት አባላት ድጋፍ ከሌለ ሕጉ በሙሉ ይወድቃል የሚል ስጋት ነበራቸው። በፌብሩወሪ 1935 ፍራንክና ሌሎች በሚኒስትሩ በሄንሪ ዋላስ ፈቃድ ተባረሩ። ወደ አርካንሳስ ተልካ ሁኔታውን ያጣራችው የሜሪ ኮነር ማየርስ ዘገባም ለሕዝብ ሳይወጣ ቀረ።

በጃንዩወሪ 1936 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በስድስት ድምፅ ለሦስት የአቀነባባሪዎቹን ግብር ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሎ ሻረው። ድጎማው ግን አልቆመም፤ አፈርን በመንከባከብ ስም ከመደበኛው በጀት መከፈሉን ቀጠለ። በ1938 የወጣው አዲስ ሕግ ደግሞ እስከ ዛሬ መሠረት ሆኖ ይጠቀሳል።

ባለርስቶች ከድጎማውና ከተሻለው ዋጋ ባገኙት ገንዘብ ትራክተር መግዛት ያዙ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጥጥ መልቀሚያ ማሽን ሲመጣ የእኩል አራሹ ሥርዓት አበቃለት። ድጎማው ብቻውን ይህን አደረገ ማለት አይቻልም። በሰሜን ከተሞች የተከፈተው የፋብሪካ ሥራም ብዙ ሰው ስቧል። ቢሆንም ትራክተሩ የተገዛበት ገንዘብ ከፊሉ ለአራሹ ሊደርስ ይገባ የነበረ መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ሚቼልና ኢስት ይሠሩበት የነበረው ሕንፃ ዛሬ በአርካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚተዳደር የማኅበሩ ሙዚየም ነው።

ከቁጥጥር ወደ ክፍያ

እስከ 1990ዎቹ ድረስ መንግሥት በብዙ መልኩ ገበሬው ስንት ኤከር እንደሚዘራ ይወስን ነበር። የ1996ቱ የእርሻ ሕግ ይህን ትቶ ገበሬው የፈለገውን እየዘራ በየዓመቱ የተቆረጠ ገንዘብ እንዲያገኝ አደረገ። ክፍያው ቀስ በቀስ ቀንሶ እንደሚያበቃ የጠበቁ ነበሩ። በ1998 ዋጋ ሲወድቅ ኮንግረሱ የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ ጨመረ፣ የ2002ቱ ሕግም ድጎማውን አጸናው። ዋጋ ቢነሣም ቢወድቅም የሚከፈለው ይህ ገንዘብ በዓመት 5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ደርሶ ነበር። ዋሽንግተን ፖስት በ2006 ባደረገው ምርመራ ከ2000 ወዲህ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ምንም ለማያርሱ ሰዎች መከፈሉን ጻፈ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በቀድሞ የሩዝ መሬት ላይ መኖሪያ ቤት የሠሩ ሰዎች ነበሩ። የ2014ቱ ሕግ ይህን ዓይነቱን ክፍያ አስቀርቶ ዛሬ የሚሠራባቸውን ሁለት ፕሮግራሞች አመጣ።

ዛሬ ክፍያው እንዴት ይሰላል

ድጎማው ለሁሉም ሰብል አይደለም። በሕጉ ዝርዝር ውስጥ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ሩዝ፣ አኩሪ አተርና ሌሎች የቅባት እህሎች (ሰሊጥን ጨምሮ)፣ ኦቾሎኒ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጥጥ አሉ። አትክልትና ፍራፍሬ የሉበትም። አይዳሆ ውስጥ የሚመረተው ጤፍም በዚህ ዝርዝር የለም።

ለመረዳት አስቸጋሪው ነገር መሠረታዊ ኤከር የሚባለው ነው። ይህ በአንድ እርሻ ላይ ቀደም ባሉ ዓመታት በተዘራው ሰብል መጠን የተመዘገበ ቁጥር ነው። ክፍያው የሚሰላው ዘንድሮ በተዘራው ሳይሆን በዚህ ምዝገባ ነው። የሩዝ መሠረታዊ ኤከር ያለው ገበሬ ዘንድሮ ማሳውን በሙሉ አኩሪ አተር ቢዘራውም፣ የሩዝ ዋጋ ሲወድቅ የሩዝ ድጎማ ያገኛል። በአንጻሩ አዲስ መሬት አልምቶ ሩዝ የዘራ ገበሬ መሠረታዊ ኤከር ከሌለው ምንም አያገኝም። ምዝገባው የሰውዬው ሳይሆን የመሬቱ ነው፤ መሬቱ ሲሸጥ አብሮ ይሸጣል።

የመጀመሪያው ፕሮግራም የዋጋ ማካካሻ ነው። ሕጉ ለእያንዳንዱ ሰብል መነሻ ዋጋ ያስቀምጣል፤ የዓመቱ አገር አቀፍ አማካይ ዋጋ ከዚያ ካነሰ ልዩነቱ ይከፈላል። ከ2014 ጀምሮ ለሩዝ የነበረው መነሻ ዋጋ ለመቶ ፓውንድ (45 ኪሎ ግራም ገደማ) 14 ዶላር ነበር። ለምሳሌ አንድ እርሻ 400 መሠረታዊ የሩዝ ኤከርና በኤከር 60 መቶ ፓውንድ የተመዘገበ ምርት አለው እንበል። ዋጋው 12 ዶላር ቢሆን ልዩነቱ 2 ዶላር ነው። ክፍያው በመሠረታዊ ኤከሩ 85 ከመቶ ላይ ስለሚታሰብ 340 ኤከር በ60፣ ከዚያም በ2 ሲባዛ 40,800 ዶላር ይመጣል። ከዚህ ላይ ለፌዴራል በጀት ቅነሳ 5.7 ከመቶ ሲነሣ ገበሬው 38,474 ዶላር ገደማ ይደርሰዋል። ገንዘቡ የሚመጣው የሽያጭ ዓመቱ አልቆ አማካይ ዋጋው ከታወቀ በኋላ ስለሆነ፣ በ2024 ለተሰበሰበ ሩዝ የሚከፈለው ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ነው። ለዘርና ለማዳበሪያ የተበደረ ገበሬ ባንኩን ይህን ያህል ጊዜ ማስጠበቅ አይችልም።

ሁለተኛው ፕሮግራም የካውንቲውን ገቢ ይመለከታል። የካውንቲው አማካይ ምርት ያለፉት አምስት ዓመታት ተወስደው፣ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ተጥለው የቀሩት ይካፈላሉ። ዋጋውም እንዲሁ ይደረጋል። ሁለቱ ሲባዙ የተለመደው ገቢ ይገኛል። እስከ 2025 ለውጥ ድረስ የዓመቱ የካውንቲ ገቢ ከተለመደው 86 ከመቶ በታች ከወረደ ልዩነቱ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ይከፈል ነበር። ይህ ስሌት ለካውንቲው እንጂ ለግለሰቡ አይጨነቅም። ጎርፍ የአንዱን ማሳ ብቻ ቢወስድና ጎረቤቶቹ ጥሩ አዝመራ ቢያገቡ፣ ማሳው የጠፋበት ከዚህ ፕሮግራም ምንም አያገኝም። የካውንቲው ምርት ሲወድቅ ደግሞ ጥሩ ያመረተውም ይከፈለዋል። ለዚህ ነው በካውንቲ ድንበር ግራና ቀኝ የሚያርሱ ሁለት ጎረቤቶች ለተመሳሳይ ሰብል የተለያየ ገንዘብ የሚያገኙት። የግለሰቡን ኪሳራ የሚመለከተው የሰብል መድን ነው። እሱንም ቢሆን መንግሥት ከአረቦኑ ከግማሽ በላይ ይከፍልለታል።

ማን ይቀበላል

ለአንድ ሰው ከ2014 ጀምሮ በዓመት 125,000 ዶላር ጣሪያ ተደርጎ ነበር። ጣሪያው ግን ለአንድ እርሻ ሳይሆን ለአንድ ሰው ነው። ብዙዎቹ የደቡብ ትልልቅ የሩዝና የጥጥ እርሻዎች በሽርክና የተደራጁ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሸሪክ የራሱ ጣሪያ አለው። ሸሪኩ ትራክተር ላይ መውጣት የለበትም፤ በአስተዳደር ከተሳተፈ «በእርሻ ሥራ ላይ ያለ» ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። የ2018ቱ ሕግ ደግሞ የአጎትና የአክስት ልጆችን እንዲሁም የወንድምና የእኅት ልጆችን በቤተሰብ እርሻ ውስጥ እንዲቆጠሩ ፈቀደ።

የተቀባዮች ዝርዝር ሲነበብ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአርካንሳስ ስተትጋርት ከተማ የሚገኘው የሩዝ ኅብረት ሥራ ማኅበር ራይስላንድ ብዙ ጊዜ በትልልቅ ተቀባዮች ተርታ ይጠቀስ ነበር፤ ገንዘቡ ግን በእሱ በኩል አልፎ ለአባል ገበሬዎች የሚደርስ ነው።

መሬቱን በገንዘብ ያከራየ ባለመሬት ድጎማውን በቀጥታ አያገኝም፤ ክፍያው የተከራዩ ነው። ምርት የሚካፈል ባለመሬት ግን በድርሻው ልክ ይወስዳል። በሕጉ አጻጻፍ ከ1934 የተሻለ ነው። ሆኖም ተከራዮች መሬት ለማግኘት ሲሻሙ የሚጠብቁትን ድጎማ በኪራዩ ውስጥ አስበው ስለሚጫረቱ፣ ከገንዘቡ ከፊሉ በኪራይ ተመልሶ ወደ ባለመሬቱ ይሄዳል።

የካውንቲው ኮሚቴ

ድጎማው የሚሰጠው በግብርና ሚኒስቴር ሥር ባሉ የካውንቲ ቢሮዎች ነው። በእያንዳንዱ ቢሮ ላይ በገበሬዎች የተመረጠ ከ3 እስከ 11 አባላት ያሉት ኮሚቴ አለ፤ አባላቱ ለሦስት ዓመት ያገለግላሉ። ገበሬው ጎረቤቶቹ ጉዳዩን እንዲያዩለት መደረጉ ለዴሞክራሲ የቀረበ አሠራር ተብሎ ተወድሷል። በደቡብ ግን እነዚሁ ጎረቤቶች ለአሥርት ዓመታት ነጭ ባለመሬቶች ብቻ ነበሩ። ጥቁር ገበሬ የሚያርሰው ኮታ፣ የሚያገኘው ብድርና የአደጋ ካሣ በእነሱ እጅ ነበር። የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን በ1965 ባወጣው ዘገባ ይህንኑ አሳይቷል።

በ1920 በአሜሪካ 926,000 ያህል ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ፤ በ1992 ከ19,000 ያነሱ ቀሩ። ጥቁር ገበሬዎች በ1997 ግብርና ሚኒስቴርን ከሰው በ1999 በስምምነት ሲጨርሱ በአብዛኛው ለእያንዳንዱ 50,000 ዶላር ተወሰነ። ጊዜው ላለፈባቸው ሰዎች በ2010 ተጨማሪ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ተመደበ። በ2024 ደግሞ በብድር አሰጣጥ አድልዎ ለደረሰባቸው ከ43,000 ለሚበልጡ ሰዎች 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተከፍሏል።

የንግድ ጦርነቱ ክፍያ

በ2018 አሜሪካና ቻይና እርስ በርስ ቀረጥ ሲጣጣሉ የአኩሪ አተር ገበያ ተናጋ። መንግሥት በሁለት ዓመት ወደ 23 ቢሊዮን ዶላር ለገበሬዎች ሰጠ። በ2019 ክፍያው በሰብል ሳይሆን በካውንቲ ተተመነ፤ ተመኑ በኤከር ከ15 ዶላር እስከ 150 ዶላር ነበር። ከፍተኛው ተመን በብዛት የደረሰው ለደቡብ ጥጥ አብቃይ ካውንቲዎች ሲሆን፣ የመካከለኛው ምዕራብ አኩሪ አተር አምራቾች ቅር ተሰኝተው ነበር። ወረርሽኙ በተከሰተበት በ2020 ደግሞ የመንግሥት ቀጥታ ክፍያ በአገር ደረጃ 46 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ።

ከአሜሪካ ውጭ

የጥጥ ድጎማው በውጭ አገርም ክስ አስከትሏል። ብራዚል በ2002 ለዓለም ንግድ ድርጅት አቤት ብላ በ2005 በይግባኝም ረታች። በ2003 ቤኒን፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ቻድና ማሊ የአሜሪካ ድጎማ የዓለምን ዋጋ እያወረደ በሁለት ሄክታር የሚኖሩ ገበሬዎቻቸውን እንደሚጎዳ አቤቱታ አቀረቡ። ክርክሩ በ2014 ሲዘጋ አሜሪካ ለብራዚል ጥጥ ተቋም 300 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች፣ ጥጥንም ከድጎማ ዝርዝሯ አወጣች። በ2018 ግን ጥጥ ከነፍሬው ተብሎ ተመልሶ ገባ። ለአራቱ የአፍሪካ አገሮች የተከፈለ ካሣ አልነበረም። ድጎማው ያበዛው የስንዴ ትርፍ ምርት ደግሞ ከ1954ቱ ሕግ ጀምሮ በምግብ ዕርዳታ መልክ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ብዙ አገሮች ተልኳል።

የ2025 ለውጥ

በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ የሩዝን መነሻ ዋጋ ከ14 ወደ 16.90 ዶላር አሳደገው። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ዋጋው 12 ዶላር እንደሆነ ቢቆይ ልዩነቱ 4.90 ዶላር ስለሚሆን፣ የዚያው እርሻ ክፍያ ከበጀት ቅነሳው በፊት 99,960 ዶላር ይሆናል። የካውንቲው ገቢ ዋስትና ከ86 ወደ 90 ከመቶ፣ የአንድ ሰው ጣሪያም ወደ 155,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ኃላፊነታቸው የተወሰነ ኩባንያዎችም እንደ ሽርክና በአባላቶቻቸው ቁጥር ልክ ጣሪያ እንዲኖራቸው ተፈቅዷል። በአገር አቀፍ ደረጃ እስከ 30 ሚሊዮን ኤከር አዲስ መሠረታዊ ኤከር እንዲመዘገብ ተወስኗል። የሚመዘገበውም ከ2019 እስከ 2023 በአማካይ ከነበረው ምዝገባ በላይ በተዘራበት መሬት ላይ ሲሆን፣ በተከራይ የታረሰ ቢሆንም ምዝገባው የሚቀረው ከመሬቱ ጋር ነው።